ያው ቤት፣ ያው ሜኑ፤ አንዱ ያመሰገነው ሌላው የተማረረው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት አንባቢ ከባለቤቷ ጋር አሥረኛ የጋብቻ በዓላቸውን ፓሪስ ውስጥ፣ አንድ ባለኮከብ የፈረንሳይ ሬስቶራንት እራት በልተው ሊያከብሩ አስበዋል። ቤቱን መርጣለች። ግራ የገባት የበሉ ሰዎች የጻፉትን ስታነብ ነው። «አንዷ "በሕይወቴ እንዲህ በልቼ አላውቅም" ትላለች። ከሥሯ ያለው ደግሞ "ሁለት ሰዓት ጎልተውን ጥሬ እርግብ አበሉን፣ ሂሳቡን ሳይ ራሴን አዞረኝ" ይላል። የበሉት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ማንን ልመን? ገንዘባችን እንዲሁ እንዳይቀልጥስ ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም እመኛቸው። አልዋሹም።

እኔ ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ባሉ ቤቶች በአስተናጋጅነት ጀምሬ ሜትር ዶቴል፣ ማለትም የአዳራሹ ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚያ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚገርመው ነገር ምግቡ ያን ያህል የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። ያው ልጅ ያንኑ ሶስ በየቀኑ ይሠራዋል፣ ሼፉ በየቀኑ ይቀምሰዋል። የሚለዋወጠው ሌላው ነው። የተሰጠሽ ጠረጴዛ፣ የገባሽበት ሰዓት፣ አጠገብሽ የተቀመጡት ሰዎች፣ አስተናጋጁ ስላንቺ የሚያውቀውና የማያውቀው። ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው እዚህ ነው።

ኮከቡን በተመለከተ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሚሽሊን የጎማ ኩባንያ ነው፣ ለባለመኪኖች ብሎ መመሪያ መጽሐፉን ያወጣው በ1900 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለሬስቶራንቶች ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926፣ ሁለትና ሦስት ኮከብ የመጣው ደግሞ በ1931 ነው። ኮከቡ የሚለካው ሳህን ላይ ያለውን ብቻ ነው። የጥሬ ዕቃው ጥራት፣ የአሠራሩ ብቃት፣ የጣዕሙ መስማማት፣ የሼፉ የራሱ አሻራ፣ እና ይሄ ሁሉ በየቀኑ ሳይዛነፍ መቅረቡ። ከዚያ ውጭ ምንም። ስለዚህ «አስተናጋጆቹ እንዲህ እየተኮሳተሩ እንዴት ኮከብ ተሰጣቸው?» የሚለው ሰው የተናደደው በእውነት ነው፣ ግን ኮከቡ ፈገግታ እሰጣችኋለሁ ብሎ አያውቅም። ሳይዛነፍ የሚለው ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሊዮን ከተማ አጠገብ ያለው የዝነኛው ሼፍ የፖል ቦኪዩዝ ቤት ከ1965 ጀምሮ ይዞት የኖረውን ሦስተኛ ኮከብ በ2020 ተነጥቋል፣ ሰውየው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ስም አላዳነውም።

አሁን ስለ መጠበቅ። ከቅሬታ ሁሉ የሚበዛው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የፈረንሳይ ትልልቅ ኪችኖች እስከ ዛሬ የሚሠሩት በመሠረቱ ሼፉ ኦጉስት ኤስኮፊዬ (1846–1935) ባደራጀው መንገድ ነው። ሥራው በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። የሶሱ ሰው አለ፣ የዓሣው ሰው አለ፣ የጥብሱ፣ የአትክልቱ፣ የጣፋጩ፣ ሁሉም የየራሱ ጥግ አለው። አንድ ሳህን ላይ የምታዪው ነገር ከሦስትና ከአራት ሰው እጅ ተሰባስቦ የመጣ ነው። የአንድ ጠረጴዛ ሰዎች ሳህን ደግሞ ምንም ያህል የተለያየ ቢያዙ ሁሉም እኩል መውጣት አለበት። አንዱ እየበላ ሌላው አፉን ይዞ አያይም፤ በነዚህ ቤቶች ይሄ ነውር ነው።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነን እንበል። ኪችኑና አዳራሹ የሚገናኙበት ረጅም የብረት ጠረጴዛ አለ፣ «ፓስ» ይሉታል፣ ከላዩ ሙቀት የሚረጩ መብራቶች ተንጠልጥለዋል። ጠርዙ ላይ የየጠረጴዛው ትዕዛዝ በወረቀት ተሰክቷል። ሼፉ ጠረጴዛ አሥራ ሁለትን ይጠራል። አራት ሰው፣ ሁለት ዓሣ፣ አንድ እርግብ፣ አንድ ጥጃ። ከየጥጉ «ዊ ሼፍ!» ይባላል። ዓሣው ከመጥበሻው ወጣ፣ ሶሱ ፈሰሰ፣ የሳህኑ ጠርዝ በጨርቅ ተጠረገ፣ አራቱም ተሰለፉ። ኮሚው፣ ማለትም ሳህን የሚያመላልሰው ልጅ፣ ትሪውን ሊያነሳ ሲል ከአዳራሹ ምልክት ይመጣል፤ ከአራቱ አንዱ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቷል። ባዶ ወንበር ፊት ሳህን አይቀመጥም። ይጠብቃሉ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዓሣው ከዳር መድረቅ ይጀምራል፣ ሶሱ ላይ ስስ ቆዳ ይይዛል። ሼፉ በማንኪያ ጫፍ ነካ ያደርገውና ሁለቱን የዓሣ ሳህን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። እንደገና! የዓሣው ሰው አሁን የጀመረውን ትቶ የአሥራ ሁለትን ይሠራል። የጀመረው ያንቺን ነበር። አንቺ ጠረጴዛ አሥራ አራት ነሽ፣ ምንም አላጠፋሽም፣ ግን ሃያ ደቂቃ ተጨመረብሽ።

የሚያናድደው ምክንያቱን የሚነግርሽ ሰው አለመኖሩ ነው። ጥሩ ቤት ውስጥ እዚህ ጋ አንድ ሰው መጥቶ «ዓሣዎ ትንሽ ይቆያል፣ ይቅርታ» ይልሻል፣ ዳቦ ይጨምርልሻል፣ አንዳንዴም ከኪችን አንድ ጉርሻ የምታክል ነገር ይልክልሻል። ሰነፍ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ዓይኑን እየሰበረ ባጠገብሽ ያልፋል። መዘግየቱ በማንም ቤት ይደርሳል። ዝምታው ግን የአዳራሹ ጥፋት ነው፣ ለዚህ እኔም ምንም ሰበብ የለኝም። ስለዚህ የሰው አስተያየት ስታነቢ «ዘገየብን» የሚለውን ሳይሆን «ዘገየብን፣ ማንም አላናገረንም» የሚለውን አስምሪበት። ደግሞ ሜኑ ደጉስታሲዮን የሚባለውን፣ ሼፉ ራሱ የሚመርጠውን የብዙ ሳህን ቅምሻ ካዘዛችሁ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መቀመጥ የተለመደ ነው። ሁለት ሰዓት ተጎለትን ያለው ሰውዬ ምን እንዳዘዘ ቢነግረን ጥሩ ነበር።

ወደ ጥሬዋ እርግብ እንምጣ። ፈረንሳዮች እርግብን፣ የዳክዬን ደረት፣ የበግ ሥጋን መሀሉን ሮዝ አድርገው ነው የሚያቀርቡት። ጥሬ አይደለም፣ ታስቦበት ነው። የበሬ ሥጋ ስታዢ ደግሞ አበሳሰሉን ይጠይቁሻል። «ብሉ» ማለት ከላይ ብቻ እሳት የነካው ነው። «ሴኛን» ደሙ የሚታይ፣ «አ ፗን» መሀሉ ሮዝ፣ «ብየን ኩዊ» በደንብ የበሰለ። የነሱ «አ ፗን» ብዙ ሰው መካከለኛ ብሎ ከሚያስበው ቀላ ይላል፣ አደጋው እዚህ ጋ ነው። ለእርግቧ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው «ሼፉ ሮዝ አድርጎ ነው የሚያቀርባት፣ ይስማማዎታል?» ተብሎ ነው፣ እንግዳው አላዋቂ እንዳይመስል ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ሳህኑ ሲመጣ ይደነግጣል። ቀይ ሥጋ የማትወጂ ከሆነ በግልጽ ተናገሪ። ሼፉ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፣ ግን አንቺ ፊቱን አታዪውም። የኔን ምክር ከፈለግሽ በደንብ የበሰለች እርግብ ደረቅና ጉበት ጉበት የምትል ነገር ናት፣ ይልቅ ለረጅም ሰዓት በወይን የበሰለ የበሬ ጉንጭ ወይም ዓሣ እዘዢ።

«ጨው በዛበት» የሚለውም በተደጋጋሚ ይነሳል። የፈረንሳይ ሶስ መሠረቱ ከአጥንት የወጣ መረቅ ነው፤ ተቀቅሎ ተቀቅሎ እስኪወፍር ድረስ ውሃው ይተናል። ጨው ግን አይተንም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልኩን ጠብቆ የተቀመሰ ሶስ በሙቅ ውሃ ላይ እንደተቀመጠ አራት ሰዓት ሲሆን ይበልጥ ይወፍራል፣ ጨዉም ይጠነክራል። ጎበዝ የሶስ ሰው በየጊዜው እየቀመሰ ያቀጥነዋል። በተጨናነቀ ምሽት ይረሳል። ሁለት ሰዎች በአንድ ምሽት ያንኑ ሳህን በልተው አንዱ «ድንቅ» ሌላው «ጨው ብቻ» ቢሉ አትገረሚ፣ አንዱ መጀመሪያ ገብቷል ሌላው መጨረሻ።

የምግቡ ትንሽነት ላይ ብዙ አልልም። ትልቅ ሳህን ላይ እፍኝ የማትሞላ ነገር የሚቀርበው ስምንት ዓይነት ስለሚመጣ ነው። ከትዕዛዝሽ በፊት አሚዩዝ ቡሽ የሚሏት የአፍ ማሟሻ አለች፣ ዳቦና ቅቤ አለ፣ ፎርማጆ አለ፣ ከቡና ጋር ደግሞ ትንንሽ ኬኮች ይመጣሉ። ርቦት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከካርት፣ ማለትም እያንዳንዱ ምግብ ለብቻው ዋጋ ከተጻፈበት ዝርዝር፣ አንድ ሳህን ብቻ ያዘዘ ሰው ነው። እዚያ ቤት ያ አያዋጣም፣ ዋጋውም ከምሳ ሜኑ ሊበልጥ ይችላል።

«ፊታቸው አይፈታም»፣ «ዘጉን» የሚለው ላይ ግን ልቆጣም ልሟገትም እፈልጋለሁ። በነዚህ ቤቶች አስተናጋጅ ሲሠለጥን የሚነገረው ጨዋታ እንዳያቋርጥ ነው። ስሙን አያስተዋውቅሽም። በየአምስት ደቂቃው «ሁሉ ሰላም ነው?» አይልም። ከጀርባሽ ሆኖ ብርጭቆሽን ያያል፣ ጎደል ሲል ይሞላል፣ ይሄዳል። ይሄንን የለመደ ሰው ክብር ይለዋል፣ ያለመደው ንቀት ይለዋል። ሂሳብም እንደዚያው ነው። ሳትጠሪ ሂሳብ ይዞ መምጣት ማባረር ስለሆነ ማንም አያመጣልሽም፤ «ላዲሲዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ» (ሂሳብ፣ እባክዎ) እስክትዪ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ብትቀመጪ ዝም ይሉሻል። ሂሳብ ጠብቀው ጠብቀው በንዴት ኮታቸውን አንስተው የቆሙ ስንት ሰዎች አይቻለሁ፣ አስተናጋጁ ደግሞ በበኩሉ ምን እንዳስከፋቸው ግራ ገብቶት! ሌላው፣ ስትገቢ ከምንም በፊት «ቦንሷር» በይ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰላምታ ሳይሰጥ «ሪዘርቭ አድርገን ነበር» ብሎ የሚጀምር እንግዳ በነሱ ዓይን ያልተገራ ነው፣ ምሽቱ ከዚያው ይቀዘቅዛል።

ይሄን ሁሉ ስል ግን እውነተኛ ንቀት የለም ማለቴ አይደለም። አለ። በአንድ ወቅት የሠራሁበት አንድ ቤት አለቃችን በር ላይ የእንግዳ ጫማ ዓይቶ ነበር ጠረጴዛ የሚመድበው። ጫማው ያላማረው ሰው መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ይሄዳል፣ ያማረው መስኮት ዳር። ያው ምግብ፣ ያው ዋጋ። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው በማግስቱ ሲጽፍ ስለ ምግቡ አንድ ቃል አይጽፍም፣ ልክም ነው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ቢሰጣችሁ ሳትቀመጡ፣ ቆማችሁ፣ «ሌላ ጠረጴዛ ይኖራል?» በሉ። ከተቀመጣችሁና ዳቦው ከመጣ በኋላ ማዛወር ለሁሉም ራስ ምታት ነው።

ሂሳቡ ላይ ራስ የሚያዞረው ብዙ ጊዜ ምግቡ አይደለም፣ መጠጡና ጭማሪው ነው። ገና እንደተቀመጣችሁ አንድ ሰው በፈገግታ መጥቶ «ለመጀመሪያ አንድ አንድ ሻምፓኝ?» ይላል። ዋጋ አልተናገረም፣ ሜኑም ገና አልመጣም። በዓል ስለሆነ እሺ ትላላችሁ። ከዚያ «ውሃ ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው?» ይባላል፣ ሁለቱም በገንዘብ የሚሸጥ የጠርሙስ ውሃ ነው። ሦስተኛው ምርጫ ያልተጠቀሰው ነው፤ «ካራፍ ዶ» በይ፣ የቧንቧ ውሃ ነው፣ በነፃ ነው፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ሬስቶራንቶች ይህን ነፃ ውሃ መጠየቅ እንደሚቻል ሜኑ ላይ ወይም በሚታይ ቦታ መጻፍ ግዴታቸው ነው። ሜኑ ላይ ከአንዳንድ ምግብ ጎን በደቃቅ ፊደል «ሱፕሌማን» የሚል ካየሽ ከተጻፈው ዋጋ በላይ የሚከፈል ነው፣ ትሩፍል የሚሉት ውድ እንጉዳይ ወይም ካቪያር የሚሉት የዓሣ እንቁላል ያለበት ሳህን ላይ አይጠፋም፣ የፎርማጆ ጋሪውም አንዳንድ ቤት እንደዚያ ነው። ያረጁ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ለተጋባዥ ዋጋ የሌለበት ሜኑ የመስጠት ልማድ ነበር፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ያንቺ ሜኑ ላይ ዋጋ ከሌለ አልተሳሳቱም፣ ባለቤትሽ እንደሚከፍል ገምተው ነው። ካልወደድሽው ባለዋጋውን አምጡልኝ በይ።

ወይኑ ላይ ማፈር አያስፈልግም። ሶመሊዬው፣ ማለትም የወይኑ ባለሙያ፣ የወይን ዝርዝሩን ሲያመጣ፣ ልትከፍሉት የምትችሉትን ዋጋ በጣትሽ እያሳየሽ «እንደዚህ ያለ ነገር ፈልጌ ነበር» በይው። ከባለቤትሽ በቀር ማንም አይሰማም፣ እሱ ወዲያው ይገባዋል፣ ሙያው ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ ትንሽ ሲቀዳልሽ ወደድሽው ወይ እያለሽ አይደለም። ወይኑ ተበላሽቷል ወይ ነው የሚልሽ። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተሽ ቡሹ አበላሽቶታል፣ ተናገሪ፣ ይቀየራል። ስላልጣመሽ ብቻ መመለስ ግን አይሆንም።

ቲፕ? ከ1987 ወዲህ ፈረንሳይ ውስጥ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የአገልግሎቱን ክፍያ ያካተተ መሆን አለበት። ደስ ካላችሁ ትንሽ ትታችሁ ውጡ፣ ካልተዋችሁ ማንም አይከተላችሁም። አንዳንድ ቤት የካርድ ማሽኑ ራሱ ቲፕ ስንት ልጨምር ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። ዜሮ ብሎ ማለፍ ይቻላል።

አስተያየት ስታነቢ እኔ የማየውን ልንገርሽ። ቀኑን አያለሁ። ሼፍ ከተቀየረ ከዚያ በፊት የተጻፈው ምስጋናም ስድብም ስለሌላ ቤት ነው። ከዚያ በተለያየ ወር የሚደጋገመውን እፈልጋለሁ፤ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ሳህኑ ለብ ብሎ መጣ ካሉ ኪችንና አዳራሹ አይናበቡም ማለት ነው፣ እዚያ አልሄድም። አንድ ሰው ብቻ የጮኸበትን አልፈዋለሁ። በጣም የምወደው ደግሞ «ይህን አልኳቸው፣ እንዲህ መለሱልኝ» ብሎ የሚጽፈውን ነው፣ የቤቱ ጠባይ የሚታየው እዚያ ነው። ዝም ብሎ በልቶ፣ «ሁሉ ጥሩ ነበር» ብሎ፣ ከፍሎ፣ ቤቱ ገብቶ ሦስት ገጽ የሚራገም ሰው ግን ለቤቱ የማስተካከል ዕድል አልሰጠም። ምሽቱን የሚያተርፈው ሁለተኛው ጉርሻ ላይ መናገር ነው። ጨው ከበዛ፣ ከቀዘቀዘ፣ ሥጋው ከምትወጂው በላይ ከቀላ፣ ሹካሽን አስቀምጠሽ አስተናጋጁን በዓይን ጥሪ። ሳህኑ ተመልሶ ሌላ ይመጣል። ግማሹን በልተሽ ከሆነ ግን ማንም ከልቡ አይሰማሽም።

ለናንተ እኔ ብሆን የሥራ ቀን ምሳ ነበር የምመርጠው። ያው ኪችን ነው፣ ሶሱ ትኩስ ነው፣ አዳራሹ አይጨናነቅም፣ ብዙዎቹ ቤቶች ደግሞ ከእራቱ በጣም የሚረክስ የምሳ ሜኑ አላቸው። ግን አሥረኛ ዓመት ነው፣ ሻማ መብራት አለበት ካላችሁ፣ ከቅዳሜ ይልቅ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይልቅ አንድ ሰዓት ተኩል (በነሱ 19፡30) ያዙ። ስትይዙ የካርድ ቁጥር ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ ሳይመጡ የሚቀሩትን ለማስከፈል ነው፣ የመሰረዣው ሰዓት መቼ እንደሚያልፍ አንብቢ።

ስትመዘግቢ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ባዶውን አትተዪው። ከአገልግሎት በፊት ሁላችንም ቆመን የምሽቱን ዝርዝር ስናነብ የምናውቀው እዚያ የተጻፈውን ብቻ ነው። የማትበሉትን ጻፊ። ሥጋ በደንብ የበሰለ እንደምትወዱ ጻፊ። ከበርና ከመጸዳጃ ቤት ራቅ ያለ ጠረጴዛ ብትሰጡን ደስ ይለናል በይ። ባቡር ወይም ሌላ የሚያስቸኩላችሁ ነገር ካለ ስንት ሰዓት መውጣት እንዳለባችሁ ጻፊ። አሥረኛ ዓመታችን ነው ብለሽም ጻፊ፣ ግን ሻማ የተሰካበት ኬክና የሚዘፍን አስተናጋጅ የማትፈልጉ ከሆነ ያንንም አብረሽ አስፍሪው፤ አለዚያ አንዳንድ ቤት ይዞላችሁ መምጣቱ አይቀርም።